ቆሻሻ ያጣ ቤት

የአገሬን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አታውቋትም። ከተማችን አንድ ገበያ፣ አንድ ወንዝና ከሚያስፈልጋት በላይ ጽሕፈት ቤት ያላት ከተማ ናት። እኔ በሙያዬ አፍ ከፋች ነኝ። ይህ ሙያ በሌላ አገር ይኑር አይኑር እንጃ። በእኛ ዘንድ ግን ስሱ ፌስታል የገባ ሰሞን ባለሱቁ ስኳሩን መዝኖ፣ ፌስታሉን አንሥቶ፣ አፉ የቱ ጋ እንደሆነ ሲያፈላልግ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ይደርስ ነበር። ስለዚህ በየሱቁ በር ላይ ጣቱን በምላሱ እያራሰ፣ ፌስታሉን ፈተግ ፈተግ እያደረገ አፉን የሚከፍት ሰው ተቀጠረ። ከነዚያ አንዱ እኔ ነኝ፤ በሙያዬም አልታማም። የማወራላችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም። ስለ ጎረቤቴ ስለ እትዬ ይመናሹ ነው። እሳቸው የሚጥሉት ነገር አጥተው ቤታቸውን ሊቀሙ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ድሮ በከተማችን ቆሻሻ አልነበረም። ቃሉስ ነበረ፤ የምንጠራበት ግን አንገቱን የማይታጠበውን ሰው ነበር። ገበያ የሚወጣ ሰው የሰሌን ዘንቢሉን ያነሣል፤ ዘንቢሉ ባዶውን ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። ጆሮው ሲበጠስ ጆሮ ይቀጠልለታል፣ ቂጡ ሲያልቅ ቂጥ ይሰፋለታል፣ እንዲህ እየታደሰ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። ዘይት የሚገዛ ጠርሙሱን ይዞ ይሄዳል፤ ክዳኑ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ጋዜጣው ስኳሩ ከተገለበጠ በኋላ ይነበባል፣ ከተነበበ በኋላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ እንደ አዲስ ይነበባል። ሥጋው በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ቅጠሉን ፍየል ትበላዋለች። አመዱ ድስት ይፈትጋል፤ ያረጀ ሱሪ ለልዋጭ ሴቶች ይሰጥና ሳህን ሆኖ ይመለሳል። እንጣል ብንል እንኳ የት እንደሚጣል አናውቅም ነበር።

ከዚያ ፌስታል መጣ። እንደ ሙሽራ ነው የተቀበልነው። ደግሞ በነፃ! ሴቶቻችን አጥበው ገመድ ላይ ያሰጡት ነበር። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ደህናውን ፌስታል መርጦ ይይዛል። ዘንቢል ይዞ የታየ ሰው ግን "ምነው፣ ምን ሆንክ?" እየተባለ ይጠየቃል። ብዙም ሳይቆይ በየቤቱ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ አንድ ሚስማር ተመታ፤ ሚስማሩ ላይ አንድ ትልቅ ፌስታል፣ በትልቁ ፌስታል ውስጥ የተጨቆነ የፌስታል ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተንጠለጠለ። "ለምንድን ነው የሚቀመጠው?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከተነሣ "ይጠቅማል" ይባላል። ከዚያ በላይ መልስ የሰጠ ወላጅ አላየሁም። ሚስማሩ አልችል ሲል ፌስታሉ ወደ ውጭ ወጣ። ዛፎቻችን ያለ ወቅታቸው ጥቁርና ሰማያዊ አበቡ። ወንዙም ማልጎምጎሙን ትቶ መንኮሻኮሽ ጀመረ። እኛም ለመድነው።

በዚህ መሀል የነዋሪ ቆጠራ ደረሰ። ድሮ ቆጣሪዎች በር እያንኳኩ ነበር የሚቆጥሩት፤ ነገር ግን የከተማችን ውሾች መንግሥት አያውቁም። ስለዚህ አዲስ የተሾመው የቆሻሻ ገንዳ ሹም አቶ ልሳነወርቅ አንድ ዘዴ አፈለቀ። (ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ በዕድሜ ስለምበልጠው እዚህ ጽሑፍ ላይ አንተ ልበለው።) ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አይደለም። ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ሰላምታ የማይነፍግ፣ ደንብ ሲያነብ ድምፁ የሚያምር ልጅ ነው። ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ሰው ባለበት ቤት ቆሻሻ አይጠፋም፤ እንግዲያው ሰውን ትተን ቆሻሻውን እንቁጠር፤ ቆሻሻ አይነክስም።

ደንቡ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ማንኛውም ቤት ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ቆሻሻውን ጽሕፈት ቤቱ በሚያድለው፣ ውስጡን በሚያሳይ መስተዋት ፌስታል አድርጎ በሩ ላይ ያንጠለጥላል። ቆሻሻ ማለት ቤቱ ምንም ሊሠራበት ያልቻለው ነገር ነው። ያላንጠለጠለ ቤት ሰው የሌለበት ነውና "ባዶ ቤት" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። በሚቀጥለው ረቡዕም እንደዚያው ከሆነ የመስተዋት ፌስታል መጋዘን ይሆናል። መጋዘን ያስፈለገው ፌስታሉ ከታሰበው በላይ ስለተመረተና ቢሮውን ሞልቶባቸው ሹማምንቱ ራሳቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው መሥራት ስለጀመሩ ነው። ማንም አልተቃወመም። ቆሻሻ የሌለው ቤት ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረማ።

መቼም ፌስታሉ ውስጡን ያሳያል። የመጀመሪያው ረቡዕ ዕለት ሰው ሁሉ የጎረቤቱን በር እያየ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ዋለ። እነ እገሌ ጋ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ፣ እነ እገሌ ጋ የበግ አጥንት። በሚቀጥለው ረቡዕ በጉ በየቤቱ ታርዷል። የእንቁላሉ ቅርፊት ከፊት፣ የድንቹ ልጣጭ ከኋላ እንዲሆን አድርጎ ፌስታል የሚያሰናዳ ባለሙያ በየሰፈሩ ተነሣ፤ አሰናጅ ይባላል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አልጋነሽ አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበራት። ቸር ሴት ናትና ታውሰዋለች። ክዳኑ በአንድ በኩል የተጣመመ ስለነበረ የትም ቤት ብናየው እናውቀዋለን፤ "ዛሬ ደግሞ እነ እገሌ ጋ ነው" እንባባላለን። ማንም ማንንም አላሳጣም፤ ቆርቆሮው ዞሮ ዞሮ ወደየራሳችን ቤት መምጣቱ አይቀርም ነበር።

እትዬ ይመናሹ ግን አንድም ረቡዕ አላንጠለጠሉም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመልመጃ የተተዉ ስለነበሩ መለጠፍ የተጀመረው ኋላ ነው። በወጣትነታቸው ዘንቢል ሰፍተው የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ አሁን ከአንዲት ፍየልና ከጥቂት ዶሮዎች ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። የፍየሏ ስም ቆንጂት ነው። ጠባያቸው ነገረኛ ቢጤ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀ ነገር አይተው ማለፍ ግን ሞታቸው ነው። ቁልፍ ቢሆን፣ ሲባጎ ቢሆን፣ የተጣመመ ሚስማር ቢሆን ጎንበስ ብለው ያነሡና ገልበጥ አድርገው አይተው ዘንቢላቸው ውስጥ ይከቱታል። ሰፈሩ በዘንቢላቸው ይስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ።

የገንዳ ጽሕፈት ቤት ባሻ ይርጋ የሚባል ለጣፊ አለው። ሥራው መለጠፍ ነው፤ ሲለጥፍም አያነብም። እሱ በራቸው ላይ ሙጫ ቀብቶ ያንን ቀይ ማስታወቂያ ሲያጣብቅ እትዬ ይመናሹ ፍየላቸውን እየጎተቱ ከጓሮ ብቅ አሉ።

"ምን እያደረግህ ነው አንተ?"

"ቤቱ ባዶ ነው፣ እትዬ።"

"ምን ነካህ! እኔ አለሁኮ!"

ባሻ ይርጋ ኋላው ወደ ቆመው አለቃው ዞረ። ልሳነወርቅ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ፤ ቤቱ ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ነውና በየቀኑ ሰላም የሚላቸው ሰው ነው።

"እትዬ፣ የእርስዎን መኖር አልካድኩም። አሉ፤ ይኸው እያየሁዎት ነው። ቤቱ ግን ሰው የለበትም። ቆሻሻ አላወጣም።"

"ቆሻሻ የለኝማ፣ ልጄ!"

"እኔም የምለው እሱኑ ነው።"

እትዬ ይመናሹ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉ። "ስማኝ፣ ልሳነወርቅ። ጋሽ ተሰማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይሄን ግድግዳ ሲመርገው ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ። የሞተውም እዚያች ጥግ ነው፣ እጄን ይዞ። አሁን ፌስታል ሊተኛበት ነው?"

የልሳነወርቅ ፊት ቀላ። "እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ? እስከ ረቡዕ ጊዜ አለዎት። ትንሽም ብትሆን ያውጡ፤ ብቻ የእውነት ቆሻሻ ትሁን" አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። ማስታወቂያውን እንዳይገነጥሉት ፈርቼ ቆሜ አየኋቸው። አልነኩትም። የመንግሥት ነገር ነው ብለው በአጠገቡ እንኳ ሲያልፉ ገለል ይሉ ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ጠሩኝ። "ጥጋቡ፣ ና እስቲ ቤቴን አብረኸኝ ፈትሽ። ለሌላ ሰው ዓይን የሚጣል ይታየው ይሆናል።"

ገባሁ። በሩ ሥር አፉ የተሸረፈ እንስራ አየሁና ደስ አለኝ። "ይኸው!" አልኩ።

"እሱ ላይማ በሶብላ ልተክልበት ነው።"

ጨርቁ ያለቀ ጃንጥላ አነሣሁ። ሽቦው ለዶሮዎቹ ቆጥ የታሰበ ነው። ከማበጠሪያ ላይ የተሰበሰበ ፀጉር አገኘሁ፤ በጨርቅ ተቋጥሮ መርፌ ይሰካበታል። ከአልጋው ሥር አንድ እግር የወንድ ጫማ ጎትቼ አወጣሁ።

"ይሄስ? ደግሞ አንድ እግሩ ብቻ ነው!"

"በሩን ነፋስ እንዳይዘጋብኝ የማስደግፍበት ነው።"

"ሌላው እግሩስ?"

"እሱ መስኮቱን ይደግፋል።"

የድንች ልጣጭ እንኳ ቢገኝ ብዬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ቆንጂት በሩ ላይ ቆማ እያኘከች ታየኛለች። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። "እትዬ፣ ቤትዎን ሊቀሙ ነው እኮ! አንድ ነገር እንኳ ይጣሉ እንጂ! ጭርሱን እኔን ይጣሉኝ!"

መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። "ልዋሽ ነው እንግዲህ? ምንም ሊሠራበት ያልቻለ ነው የሚለው ደንቡ። እየሠራልኝ፣ እያገለገለኝ፣ እንዴት ብዬ አይረባም ብዬ ላንጠልጥለው? ጫማው የተሰማ ነው፤ ሞቶ እንኳ በሬን ይዞልኛል።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ባላቸውን ሲቀብሩ እንኳ ለቀስተኛውን ሲያጽናኑ ነበር የዋሉት። አንጀቴን በሉኝ። ተነሥቼ ሄድኩ።

ቤቴ ስደርስ የእኔ የረቡዕ ፌስታል ተሰናድቶ ተቀምጧል። የብርቱካን ልጣጭ አለበት፤ ብዙ የደከምኩበት ነበር። ይዤው ተመለስኩና "ይሄን ያንጠልጥሉ፤ ለማንም አንናገርም" አልኳቸው። እኔ አንድ ረቡዕ ባላወጣ ማስታወቂያ ይለጠፍብኛል፣ በሚቀጥለው አውጥቼ እገላገላለሁ፤ ስሌቴ ይህ ነበር። እትዬ ይመናሹ መርቀው ተቀበሉኝ። እኔም ከዚያ ሁሉ ሰፈር የደረስኩላቸው እኔ ብቻ እንደሆንኩ እያሰብኩ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ያላወቅኩት፣ ወይዘሮ አልጋነሽም እንዲሁ አስባ ኖሯል። ፌስታሏን ከነሰርዲን ቆርቆሮው ይዛ ሄደች። ከእሷ ቀጥሎ ያሉትም፣ ከእነሱ ማዶ ያሉትም ሄዱ። ሁሉም ተደብቆ፣ ሁሉም "ለማንም አንናገርም" ብሎ፣ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ሰፈራችን ለወሬ እንጂ ለምሥጢር የሚሆን አልነበረም፤ ያን ሰሞን ግን ምን እንደነካን አላውቅም፣ አንዱም አልተነፈሰ። የልሳነወርቅ ሚስት ስንቅነሽ ሳትቀር ፌስታሏን በነጠላዋ ሸፍና መንገዱን ተሻግራ ነበር። ባሏን ፈርታ አልነበረም የተደበቀችው፤ የሹም ቤት ቆሻሻ አነሰ እንዳይባል ነው።

ረቡዕ ጠዋት የሰጠኋቸው ፌስታል አማረበት ወይ ብዬ ላይ ሄድኩ። በሩ ላይ ምንም የለም። ግቢውን ገፋ አድርጌ ስገባ እትዬ ይመናሹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው በርቶ፣ እንደ ልጅ ሲፍለቀለቁ አገኘኋቸው።

"ጥጋቡ! ሰዉን ምን ነካው? ደህና ደህናውን ነገር እኮ ነው የሚጥለው!"

አጥር ጥጉን ተከትሎ ጠርሙስ ታጥቦ ተደርድሯል። አጥንቱን የሰፈሩ ውሾች ከበው ይቆረጣጥሙታል። የሽንኩርቱ ልጣጭ ክር ሊያቀልም ውኃ ውስጥ ተነክሯል። የእንቁላሉ ቅርፊት ተወቅጦ ዶሮዎቹ ይለቅሙታል፤ የእኔ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር ደርቆ ሳጥን ውስጥ ልብስ መሀል ገብቷል። ያ ሁሉ ቤት የዞረ የሰርዲን ቆርቆሮ ክር ተበጅቶለት ኩራዝ ሆኗል። ከመስተዋት ፌስታሉም፣ ውስጡ ከተጣለው ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታልም የተረፈ አልነበረም። በቀጭኑ ተተልትለው፣ ተገምደው፣ ጭናቸው ላይ ዘንቢል ሆነዋል፤ ጥቁርና ሰማያዊ መስመር ያለበት፣ በከተማችን ታይቶ የማይታወቅ ዘንቢል። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር።

"እትዬ" አልኩ ባዶውን በር እያየሁ፣ "የሚንጠለጠለውስ?"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "አንዱን ላስቀር ብዬ ነበር። የቱን ላስቀር? ባነሣሁት ቁጥር አንድ ነገር ይሆናል።"

ከዚያ የጋሪው ድምፅ ተሰማ።

ልሳነወርቅ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ እየቆጠረ ነበር የሚመጣው። የመጀመሪያው በር ላይ ፌስታል የለም፤ ባሻ ይርጋ ለጠፈ። ሁለተኛው ላይም የለም፤ ለጠፈ። የወይዘሮ አልጋነሽ በር ላይ ሲደርሱ ልሳነወርቅ ቆም ብሎ ግንባሩን አሻሸ፤ ባሻ ይርጋ ግን ለጠፈ። የእኔም ላይ ተለጠፈ። ሰፈሩ በሙሉ በሩ ላይ ወጥቶ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም እያንዳንዳችን ያደረግነውን ያወቅነው። አልጋነሽ በአፍረት ዓይኗን ሰበረች፤ እኔም እንደ እሷ። በኋላቸው የሚከተለው ጋሪ እስከ አፉ መስተዋት ፌስታል ተጭኖ ያብረቀርቃል።

የእትዬ ይመናሹ በር ላይ ሲደርሱ ልሳነወርቅ ቀና ብሎ አላያቸውም። "አላወጡም?"

"አጣሁ፣ ልጄ። አቃተኝ።"

"እንግዲህ..." ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ዝቅ አደረገ። "ጋሪው ይራገፍ።"

አራጋፊዎቹ የመጀመሪያውን እስር አንሥተው ወደ በሩ ተጠጉ። እትዬ ይመናሹ የጋሽ ተሰማን ጫማ ከበሩ ሥር አነሡና አቧራውን በመዳፋቸው አራግፈው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት። በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ። ይሄኔ ባሻ ይርጋ ብሩሹን እንደያዘ ወደ መንገዱ ማዶ ዞረ።

"ጌታዬ፣ እዚህስ?"

የልሳነወርቅ ቤት ነው። በሩ ላይ ምንም አልተንጠለጠለም።

"እዚያ አለ" አለ ልሳነወርቅ።

"የለም፣ ጌታዬ።" ባሻ ይርጋ ሙጫውን ቀባ፣ ቀዩን ማስታወቂያ አጣበቀ፣ በመዳፉም ደጋግሞ አለሰለሰው።

"ምን ማለትህ ነው! እኔ አለሁኮ!" ብሎ ጮኸ ልሳነወርቅ።

ባሻ ይርጋ ቆቡን አወለቀ፤ አለቃው እንደሚያደርገው ጎንበስ አለ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ የሥራው ወግ ስለመሰለው ነው። "የእርስዎን መኖር አልካድኩም፣ ጌታዬ። አሉ፤ ይኸው እያየሁዎት ነው። ቤቱ ግን ሰው የለበትም።"

ስንቅነሽ ከመስኮት ላይ ጠፋች። ልሳነወርቅ መንገዱን በሩጫ ተሻገረና ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ገንጥሎ መሬት ላይ ወረወረው። መሬት ላይ የወደቀ ነገር መሆኑን ልብ በሉ። እትዬ ይመናሹ ቤታቸው ሊወሰድ አፋፍ ላይ እያለ፣ አራጋፊዎቹ በራቸው ላይ ቆመው እያሉ፣ እግራቸው ሳያስቡት ተራመደ። ጎንበስ ብለው አነሡትና ገልበጥ አድርገው አዩት።

ሲያጥፉት አልታጠፍ አላቸው፤ ልስልስ ቢመስልም ድርቅ ያለ ነው። ምላሳቸውን አስነክተው በጣታቸው ፈተጉት፤ ውኃ አይጠጣም። ጀርባው ሙጫ ስለሆነ እጃቸው ላይ ተጣበቀ፤ አላቅቀው አሸተቱት፤ ቢያነዱትም ቤት የሚያገማ ነው። ለቆንጂት ዘረጉላት። ቆንጂት፣ የጽሕፈት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ገመድ ሳይቀር የበላችው ቆንጂት፣ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እትዬ ይመናሹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ ይሄስ ምንም አይሆንም" አሉ። "ይጣል።"

"ይጣል" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። ልሳነወርቅ ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነውና ፊቱ ቀስ በቀስ ሲፈካ አየሁት። ወደ ጋሪው ዞረ። ገባኝ። አንድ መስተዋት ፌስታል መዘዝኩ፣ ጣቴን አራስኩ፣ ፈተግ አደረግኩ፣ አፉን ከፈትኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኖ የተከፈተልኝ ፌስታል የለም። ልሳነወርቅ ማስታወቂያውን ውስጡ ከቶ በራሱ በር ላይ አንጠለጠለውና ባሻ ይርጋን አየው።

ባሻ ይርጋ ተጠግቶ በትኩረት መረመረው። "ቆሻሻ አለ" አለ። "እንግዲያው ሰው አለ።"

እትዬ ይመናሹ ነገሩ እስኪገባቸው አልጠበቅኳቸውም። እጃቸውን ይዤ ወደ በራቸው ወሰድኳቸው፤ ያን የከረመ ቀይ ወረቀት ራሳቸው ገንጥለው እኔ በከፈትኩት ፌስታል ውስጥ ጣሉት። አልጋነሽ የራሷን ገነጠለች። ከላይ እስከ ታች ሰፈሩ በሙሉ ገነጠለ። አራጋፊዎቹ እስሩን መልሰው ጫኑት። እትዬ ይመናሹ የጋሽ ተሰማን ጫማ ከዘንቢሉ አውጥተው በሩ ሥር መልሰው ሲያስደግፉት ከጉንጫቸው ላይ የወረደውን ዕንባ ማንም እንዳላየ ሆኖ አለፈ። እኔ ግን ከሳቄ ጋር አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ አልተነካም፤ በከተማችን ደንብ አይነካም። ረቡዕ ጠዋት በራችን ላይ ምንም አይንጠለጠልም፤ ገበያ የምንወጣው በዘንቢል ነው፣ የሚጣል ነገር የለንም። ባሻ ይርጋ ይመጣና ባዶ ቤት ናችሁ ብሎ ይለጥፋል። እኛ ገንጥለን በፌስታል እናንጠለጥለዋለን። እሱ ዞሮ ይመለስና ሰው መኖሩን አይቶ ይሄዳል። ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያው ስለበዛበት አንድ ለጣፊ ጨምሯል፤ በሪፖርቱም ላይ የሰፈራችን ቆሻሻ ዓይነቱ አንድ ብቻ መሆኑ በመልካም ምሳሌነት ተጠቅሷል። ልሳነወርቅ ሚስቱ የሰፋችውን ዘንቢል ይዞ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ፌስታሉ እየቀነሰ ስለሄደ እኔም ብዙውን ቀን ሥራ ፈት ነኝ፤ ረቡዕ ግን የሰፈሩን ሁሉ አፍ የምከፍተው እኔ ነኝ። ደህና ነን።

ባለፈው ረቡዕ ብቻ አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነበር። ለእትዬ ይመናሹ ፌስታሉን ከፍቼ ስጠብቅ ማስታወቂያውን እንደያዙ ቆሙ። ገለበጡት። ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ፤ መልሰው ወረቀቱን አዩ።

"ምን ያያሉ፣ እትዬ?"

"አይ... ውኃ አይጠጣም እኮ። ሙጫም አለው። እዚያች ጥግ ላይ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስብኛል።"

ወረቀቱ ከሠራ ቆሻሻ መሆኑ ሊቀር ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ቤት ሁሉ ትዝ አለኝ። "በሞቴ፣ እትዬ!" አልኩ።

ፊቴን አዩት፤ የሰፈሩንም በር ሁሉ በዓይናቸው አዳረሱ። ከዚያ ፈገግ አሉና ወረቀቱን ፌስታሉ ውስጥ ለቀቁት። "እሺ፤ ለእናንተ ስል ልዋሽ" አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ የሚጠቅም ነገር ሲጥሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አላስቻለኝም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መሰላል ተውሼ ጣሪያቸው ላይ ወጣሁና ቤቴ ከበር ኋላ የቀረኝን ፌስታል ሁሉ ጠቅጥቄ ያቺን ጥግ ደፈንኩላቸው። አሁን አያፈስም። ወረቀቱም ምንም አይሠራላቸውም፤ እትዬ ይመናሹም አልዋሹም።